ክርክር፦ ስኳር ገብቶበት የታሸገ ጠላ ወደ ማኅበር ይምጣ ወይስ ይቅር?

የማኅበሩ ጸሐፊ (ሜሪላንድ)
እህት ወንድሞች፣ ባለፈው እሑድ ክርስትና ቤት የሆነውን ሰምታችኋል። ከመጣው 12 ጠርሙስ ጠላ ሁለቱ ኩሽና ውስጥ ፈነዱ። ስባሪው የቁም ሳጥኑ በር ላይ ተሰክቶ ተገኘ። ልጆቹ ሳሎን ስለነበሩ ተረፉ። ጠላው ሲታሸግ እንደ ቢራ አረፋ እንዲያወጣ ስኳር ተጨምሮበት ነበር። የኔ ሐሳብ፦ ስኳር የገባበት ጠርሙስ ከእንግዲህ አይምጣ። ተከራከሩበት።

የጎንደሯ
እደግፋለሁ። እናቴ ስትጠምቅ ጌሾ፣ ብቅልና እንኩሮ ነው የማውቀው። ስኳር የሚባል ነገር አጠገቡ አይደርስም። ጋኑ ተመርጎ ይቆያል፣ ሲከፈት አረፋው ራሱ ይመጣል።

ጠማቂው (ቨርጂኒያ)
እትዬ፣ ያ አረፋ እርሾው የብቅሉን ስኳር ሲበላ የሚወጣ ጋዝ ነው። የሱቁንም ስኳር ሲበላ የሚወጣው ያው ጋዝ ነው። ፈረንሳዮች ሻምፓኝ ሲያሽጉ በሊትር 24 ግራም ገደማ ስኳር ይጨምራሉ። ግፊቱ 6 አትሞስፌር ይደርሳል፣ ጠርሙሱም ለዚያ ተብሎ ወፍራም ሆኖ ይሠራል። የቢራ ጠርሙስ ያን አይችልም። ለቢራ በሊትር 6 ወይም 7 ግራም ይበቃል፤ ለ20 ሊትር 130 ግራም ገደማ ማለት ነው። እኛ ግን በየጠርሙሱ በማንኪያ እንጨምራለን። ለአንዲት 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የሚበቃው 2 ግራም ነው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ሞልቶ የተዛቀ ማንኪያ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስኳሩ ተመዝኖ፣ በትንሽ ውኃ ፈልቶ፣ ከመላው ጠላ ጋር ቢቀላቀል ሁሉም ጠርሙስ እኩል ይደርሰዋል።

ነርሷ
ወንድሜ፣ ሚዛኑን ገዛን እንበል። ጠላው ራሱ ተብላልቶ ሳያልቅስ? ብዙዎቻችን ገና ጣፋጭ እያለ ነው ጠርሙስ ውስጥ የምንከተው።

ጠማቂው
ልክ ነሽ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። በሃይድሮሜትር (የፈሳሹን እፍጋት ከውኃ ጋር አነጻጽሮ የቀረውን ስኳር በሚጠቁም መለኪያ) እስከ 1.010 መውረድ የሚችል ጠላ 1.014 ላይ ቢታሸግ፣ ያቺ ትንሽ ልዩነት በሊትር ወደ 10 ግራም የሚሆን ያልተበላ ስኳር ናት። አንድም ማንኪያ ሳይጨመር ከሚበቃው አልፏል። በላዩ 7 ሲታከልበት 17 ሆነ። ስለዚህ "ስኳር አይግባ" የሚለው ደንብ ብቻውን አያድነንም። ሃይድሮሜትር ይገዛ። ሁለት ሦስት ቀን ተከታትሎ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ያኔ ይታሸግ።

የጎንደሯ
እንደዚህ ከሆነማ ጠጁ ይብሳል! ጠጅ ጣፋጭ እያለ አይደል የሚጠጣው? ባለፈው ገና በቆርኪ ታሽጎ ሲታደል ዝም ብለን ተቀብለናል። ጋን በጭቃ ነው የሚመረገው። ሲብስበት ምርጉ ይሰነጠቃል እንጂ ጋኑ ሰው ላይ አይፈነዳም።

የአሌክሳንድሪያው
ሁሉን እንከልክል ወደሚለው እንዳንሄድ እንጂ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለቤት ፍጆታ ቢራ መጥመቅ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ አንድ አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ላሉበት 200። መሸጥ ነው ክልክሉ። ሕግ የፈቀደልንን እኛ ለምን እንነፍጋለን? በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይምጣ። በእጅ ሲጫኑት እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ፍሪጅ ይገባል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ቀስ ተብሎ ይተነፍሳል።

ነርሷ
በፕላስቲኩ እስማማለሁ። እኔ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። የመስታወት ስባሪ ዓይን ላይ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ጠርሙሱን ለሰው ስንሰጥ አደጋውንም አብረን እየሰጠን ነው። የሚቀበለው ሰው መቼ እንደታሸገ አያውቅም። ሞቃት መኪና ውስጥ ያሳድረዋል። ሙቀት ደግሞ ግፊቱን ይጨምራል።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ስኳሩን ትቼ ጠርሙሱን ልያዝ። በመስታወት የታሸገ የቤት ጠላም ጠጅም አይምጣ። በፕላስቲክ የሚያመጣ ሰው የታሸገበትን ቀን ይጻፍበት።

ጠማቂው
እኔ በዚህ አልስማማም። ለክቶ የሚያሽግ ሰው ከማይለካው ጋር አንድ ላይ መቀጣት የለበትም። ቁጥሬን ጽፌ ጠርሙሱ ላይ እለጥፋለሁ፤ ያንን እዩና ፍረዱ።

ነርሷ
ወረቀት ፍንዳታ አያስቆምም፣ ወንድሜ።

የጎንደሯ
እናንተ ጨርሱ። ለሚካኤል የኔ ተራ ነው፣ 20 ሊትር አመጣለሁ። ክዳኑ ላላ ባለ ባልዲ ነው፣ በጆግ እየቀዳችሁ ትጠጣላችሁ።