የሳይኮሎጂ እንግሊዝኛ ቃላት አልያዝ አሉኝ፤ እንዴት ላጥናቸው?

የዓባይ ማዶ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ፣ እህታችሁ ነኝ። ፍሬሽማን ተማሪ ነኝ። ከኮርሶቹ ሁሉ የወደድኩት ጄነራል ሳይኮሎጂን ነው፤ ዲፓርትመንት ስመርጥም አንደኛ አድርጌ ልሞላው አስቤያለሁ። ቃላቱ ግን አስቸገሩኝ። ሞጁሉን ሳነብ የማላውቀውን ቃል ሁሉ ደብተር ላይ፣ በግራ እንግሊዝኛውን በቀኝ አማርኛውን፣ እያደረግሁ እጽፋለሁ። አሁን አራት መቶ ገደማ ደርሷል። ማታ ማታ ስደግመው ሁሉንም የማውቀው ይመስለኛል።

ሚድ ላይ ግን ጉድ ሆንኩ። «ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት» የሚለውን ቅጣት ነው ብዬ ሞላሁ፤ ስህተት ነው ተባልኩ። «አፌክት» የሚለውን ተጽዕኖ ብዬ ተረዳሁት፤ እሱም ሌላ ሆኖ ተገኘ። ስትረስ፣ አንግዛይቲ፣ ዎሪ፣ ነርቨስ፣ አራቱም ደብተሬ ላይ «ጭንቀት» ናቸው። ምርጫው ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲመጡ የቱን ላክብብ? እስከ 12ኛ ክፍል ስንማር መምህሮቻችን እንግሊዝኛውን በአማርኛ ነበር የሚያስረዱን፤ ለዚህ ይሆን? ፋይናል አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ኢንተርኔት የማገኘው አልፎ አልፎ ነው። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ሦስተኛ ዓመት
አይዞሽ እህቴ፣ እኔም በዚያው መንገድ ሄጄ ነው የተማርኩት። አራት መቶውን ለሁለት ክፈያቸው። ግማሾቹ የሳይኮሎጂ ቃላት አይደሉም፤ እንደ «ሰብሲክወንት»፣ «ኢንፈር»፣ «ዌርአዝ» ያሉ በየትኛውም ኮርስ የሚመጡ ናቸው። እነሱን ወደ ሌላ ደብተር አውጪያቸው፣ ስታነቢ በራሳቸው ጊዜ ይለመዳሉ። ለፋይናል የሚያስፈልጉሽ ሞጁሉ ራሱ ትርጉም ሰጥቶ ያብራራቸው ናቸው፤ በየምዕራፉ ብትቆጥሪያቸው ያን ያህል አይበዙም።

መምህር ከሐዋሳ
የእኔ ልጅ፣ ስህተትሽ የስንፍና አይደለም። ይህን ኮርስ ሳስተምር በየዓመቱ የማየው ነው፤ ጎበዞቹም ይወድቁበታል። ተማሪን የሚጥሉት ረጃጅሞቹ ቃላት አይደሉም። «ስኪዞፍሬኒያ» አዲስና እንግዳ ስለሆነ ተጠንቅቀሽ ነው የምታጠኚው። የሚጥለው ቀድሞ የምታውቂው፣ ሳይኮሎጂ ግን ወስዶ ሌላ ሥራ የሰጠው ቃል ነው። ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ፣ ኮንትሮል፣ ሲግኒፊካንት፣ ኤክስቲንክሽን። የምታውቂያቸው ስለሚመስልሽ አልፈሻቸው ትሄጃለሽ።

ኔጌቲቭን እንውሰድ። በአሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት በቢ ኤፍ ስኪነር አጠራር ፖዘቲቭ ማለት «ጥሩ» አይደለም፣ ኔጌቲቭም «መጥፎ» አይደለም። ፖዘቲቭ የሆነ ነገር ተጨመረ፣ ኔጌቲቭ የሆነ ነገር ተነሳ ማለት ነው። እንደ ሂሳቡ መደመርና መቀነስ። ሪኢንፎርስመንት ከተባለ ድርጊቱ እየበረታ ይሄዳል፤ ፐኒሽመንት ከተባለ እየደከመ ይሄዳል። አለቀ።

አሁን ቤትሽን አስቢ። ጠዋት ቡና ካልጠጡ ራሳቸውን የሚያማቸው ሰዎች አሉ። አንድ ስኒ ሲጠጡ ሕመሙ ይለቃቸዋል። ሕመሙ ስለተነሳላቸው በማግስቱም ቡናውን ይፈልጋሉ። አንድ የማይወደድ ነገር ተነሳ፣ ድርጊቱም በረታ። ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ይኸው ነው። የተቀጣ ማንም የለም። ቅጣት የሚሆነው ልጅ ሲያጠፋ ቢቆነጠጥ ነው፤ ቁንጥጫ ስለተጨመረ ፖዘቲቭ ፐኒሽመንት ይባላል። ስልኩን ቢነጠቅ ደግሞ የሚወደው ነገር ስለተነሳ ኔጌቲቭ ፐኒሽመንት ነው። «ፖዘቲቭ ቅጣት» በአማርኛ ጆሮ ግራ ያጋባል። ስለዚህ ከአማርኛው ቃል ይልቅ ቁንጥጫውንና ስልኩን ያዢ።

አስተርጓሚዋ ከሜሪላንድ
መምህር ያሉት ልክ ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ፤ በየቀኑ ከእነዚህ ቃላት ጋር ነው የምውለው። አማርኛችን ድሃ ስለሆነ አይምሰልሽ የተቸገርሽው። ሁለቱ ቋንቋዎች ድንበራቸውን የተከሉት በተለያየ ቦታ ስለሆነ ነው።

«ጭንቀት»ን ልክፈልልሽ። ማታ ጅብ ፊት ለፊትሽ ቢቆም የሚሰማሽ ፊር ነው፤ የምትፈሪው ነገር እዚያው አለ። ጅቡ ሳይኖር፣ «ቢመጣስ» እያልሽ ከቤት ለመውጣት ሆድሽ ሲሸበር አንግዛይቲ ነው። ጭንቅላትሽ ውስጥ የሚመላለሰው ሐሳብ፣ «ብወድቅስ? ቤተሰቦቼ ምን ይላሉ?» የሚለው፣ ዎሪ ነው። ስትረስ ደግሞ ጫናው ነው፤ በአንድ ሳምንት ሦስት ፈተና፣ ያልታጠበ ልብስ፣ ያለቀ ገንዘብ፣ ሰውነትሽም ያን ለመሸከም የሚያደርገው ትግል። ነርቨስ ፈተናው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው እጅሽን የሚያልብሽ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ስትጀምሪ ይለቅሻል። ከእነዚህ አንዱም ዲፕሬሽን አይደለም። «ዲፕረስ ሆኛለሁ» እያልን በየሰበቡ እንጠራዋለን እንጂ እሱ «ድባቴ» የምንለው ነው፤ ሳምንታት የሚቆይ፣ ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ የማይጥምበት።

አሁን ወደ አፌክት። ተጽዕኖ አሳደረ ማለት ሲሆን ግሥ ነው፤ ድምፁም ኋላ ላይ ይጠብቃል። ስም ሲሆን ግን በሳይኮሎጂ ስሜት ማለት ነው፤ መጀመሪያው ላይ አጥብቀው ያነሱታል። ሐኪሞች ሙድንና አፌክትን ይለያሉ። ሙድ ታካሚው ራሱ የሚናገረው ስሜት ነው፤ አፌክት ሐኪሙ ከፊቱ፣ ከድምፁና ከአኳኋኑ የሚያየው ነው። አንዲት እናት «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ እንባቸው ግን ይወርዳል። አፋቸው ሙዱን ደህና አለ፣ አፌክታቸው ሌላ ይናገራል። ሐኪሙ ሁለቱ አልተጣጣሙም ብሎ ይጽፋል። እኔም ቃላቸውን ብቻ አስተላልፌ ዝም አልልም፤ ይህ ምስጋና እኛ ዘንድ የሰላምታ ወግ መሆኑን፣ መልስ ላይሆን እንደሚችል ለሐኪሙ እነግረዋለሁ። የአዲስ አበባ ልጆች «ሙድ ያዘብኝ» ሲሉ የሚያሾፍባቸውን ሰው ነው፤ ያንን ሙድ ፈተና ላይ እርሺው።

በተቃራኒውም አለ። የእኛ «ቅናት» በእንግሊዝኛ ሁለት ነው። ያለኝን፣ የምወደውን ሰው እንዳልነጠቅ ብዬ ስሰጋ ጀለሲ፤ ሌላው ያለውን ስመኝ ኤንቪ። «መንፈሳዊ ቅናት» የምንለው ደግሞ ከሁለቱም የለበትም። «ይሉኝታ» የሚለውን ሼም ብለሽ እንዳትጽፊው አደራ። ሼም ስለ ራስ የሚሰማ ሀፍረት ነው፤ ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ መጠንቀቅ ነው፣ ደግነትም አለበት። በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል የሚተካ አላገኘሁም፤ ሲያጋጥመኝ በዓረፍተ ነገር አብራራዋለሁ።

ቃል ለቃሚ
እኔ ደግሞ ሥሩን ያዢ እላለሁ። ብዙዎቹ ከግሪክና ከላቲን የመጡ ናቸው። «ፓቶስ» ስሜት፣ ሕመም ማለት ነው፤ ሲምፓቲ (ለሌላው ማዘን)፣ ኤምፓቲ (የሌላውን ስሜት መጋራት)፣ አፓቲ (ስሜት አልባነት) ሁሉ ከእሱ ወጡ። «ሳይኪ» ነፍስ፣ «ሎጊያ» ጥናት፤ «ያትሮስ» ሐኪም፣ ስለዚህ ሳይካያትሪስት መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነው። ሜላንኮሊ «ጥቁር ሐሞት» ማለት ነው፤ የጥንት ግሪኮች ሐዘን ከሐሞት ይመጣል ይሉ ነበር። እኛም ሰው ወኔው ሲከዳው «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን! እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ካየሽው አይረሳም። አንድ ሥር ዐሥር ቃል ይሰጥሻል።

መምህር ከሐዋሳ
ወንድሜ፣ ሥር መልካም ነው፤ ለመገመት ይረዳል። ትርጉም አድርገሽ አትያዢው ግን። ስኪዞፍሬኒያ በሥሩ «የተሰነጠቀ አእምሮ» ነው፤ ስያሜውን የሰጠው ስዊዘርላንዳዊው ኦይገን ብሎይለር በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። ሥሩን ብቻ የያዘ ተማሪ «በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው» ብሎ ይጽፋል። ያ ሌላ ሕመም ነው። ስኪዞፍሬኒያ ሐሳብና ከእውነታ ጋር ያለው ግንኙነት የሚታወክበት፣ ብዙ ጊዜም የሌለ ድምፅ የሚያሰማ ሕመም ነው። ይህ ስህተት ነጥብ ብቻ ቢያስቀንስ ባላነሳሁት፤ ታማሚዎቹንም ያለ ስማቸው ያስጠራቸዋል።

ኢጎ እና ኢድም እንዲሁ ናቸው። የአእምሮ ክፍሎች ስሞች ናቸው፤ ኦስትሪያዊው ሐኪም ፍሮይድ በጀርመንኛ የጻፈው «እኔ» እና «እሱ» ብሎ በተራ ቃል ነው። ወደ ላቲን የቀየሩት የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎቹ ናቸው። «ኢጎ አለበት» ብለን ትዕቢተኛ የምንልበት ኢጎ ሞጁሉ ውስጥ የለም።

የዓባይ ማዶ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ፣ ዓይኔን ነው የገለጣችሁት። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ደብተሬን ልተወው ማለት ነው? አማርኛውንስ ጭራሽ ልተወው? ደግሞ ኮንሸንስ፣ ኮንሸስ፣ ኮንሺየንሸስ የሚሉት ሦስቱ ፊደላቸውም ትርጉማቸውም ተምታቶብኛል።

አስተርጓሚዋ ከሜሪላንድ
አማርኛውን አትተዪው እታለም፣ ለእነዚህ ሦስቱ እንዲያውም እሱ ነው የሚያድንሽ። «ህሊናው ወቀሰው» ስንል ኮንሸንስ ነው። «ህሊናውን ስቶ ወደቀ» ስንል የጠፋው ኮንሸስ መሆኑ ነው፤ ንቃቱ። ሁለቱንም በአንድ «ህሊና» ስለምንጠራ ነው የተምታታብሽ። ኮንሺየንሸስ ግን የጠባይ ስም ነው፤ ሥራውን በጥንቃቄና በሰዓቱ የሚጨርስ ሰው። አምስቱ ታላላቅ የስብዕና መለኪያዎች ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ ስብዕና የሚለው ምዕራፍ ላይ አይቀርልሽም።

ሦስተኛ ዓመት
ደብተሩን አትቅደጂው፣ አጠቃቀሙን ቀይሪው። ሳነበው የማውቀው ይመስለኛል ያልሽው ነገር ራሱ በሳይኮሎጂ የተጠና ነው። ሮዲገር እና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻሉ ነበሩ፤ ከሁለት ቀንና ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት አንዴ አንብበው ከዚያ ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ናቸው። ኤቢንግሃውስ የሚባለው ጀርመናዊም በ1885 እ.ኤ.አ. ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላትን ራሱ እያጠና፣ የተጠና ነገር መጀመሪያ ላይ ቶሎ እንደሚረሳ፣ ከዚያ ግን መርሳቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። ሁለቱም የማስታወስ ምዕራፍ ላይ የሚጠየቁ ናቸው፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

እኔ ያደረግሁት ይህ ነው። ወረቀት ቆርጬ በፊቱ የሆነ ሁኔታ እጽፋለሁ፣ «ቡና ጠጥቶ ራስ ምታቱ ለቀቀው» ብዬ። በጀርባው ቃሉ በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ «ከዚህ ጋር እንዳይምታታ» ብዬ ጎረቤቱን። ሳልገለብጠው በአፌ ካልመለስኩ እንዳላወቅሁት እቆጥረዋለሁ። የመለስኩትን ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ አየዋለሁ፤ የሳትኩትን በማግስቱ። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ አንኪድሮይድ የሚባል አፕ ይህንኑ በነጻ ይሠራል፤ አንዴ ካወረድሽው ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ኔት ያገኘሽ ቀን የኦፕንስታክስን የሳይኮሎጂ መጽሐፍ አውርጂ፣ ነጻ ነው፣ በየምዕራፉ መጨረሻ የቃላት መፍቻ አለው። በቀን ከዐሥር በላይ አዲስ ቃል አትጀምሪ።

የዓባይ ማዶ (ጠያቂ)
ከሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሠላሳ አምስት ካርድ ሠርቻለሁ። ይቺን እዩልኝ፣ ከቤቴ ነው ያወጣኋት።

ታናሽ ወንድሜ ሱቅ በር ላይ ከረሜላ ካልተገዛልኝ ብሎ ይጮሃል። እናቴ ጩኸቱ እንዲቆምላት ትገዛለታለች። እሱ ከረሜላ ስለተጨመረለት ጩኸቱ በፖዘቲቭ ሪኢንፎርስመንት በረታ፤ እሷ ጩኸቱ ስለተነሳላት መግዛቷ በኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት በረታ። በኋላ እናቴ «ከእንግዲህ አልገዛም» ብላ ስትጸና ጩኸቱን ተወ። ይህ ፐኒሽመንት ነው።

መምህር ከሐዋሳ
የመጀመሪያው እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ መምህር የተጻፈ ነው፤ ከአንዲት ከረሜላ ሁለቱን ማውጣትሽ አስደስቶኛል። የመጨረሻውን አስተካክዪው። እናትሽ ምንም አልጨመሩበትም፣ በእጁ የነበረም አልነጠቁትም። ጩኸቱን ያበረታ የነበረውን ከረሜላ ብቻ አቆሙ። ኤክስቲንክሽን እሱ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እናትሽ በጸኑባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ እንዴት ነበር?

የዓባይ ማዶ (ጠያቂ)
ባሰበት! መሬት ላይ እየተንከባለለ ሰፈሩን አወከው። እናቴ ሦስተኛው ቀን ላይ ልትገዛለት ምንም አልቀራትም ነበር።

መምህር ከሐዋሳ
ኤክስቲንክሽን በርስት ይባላል። ከመጥፋቱ በፊት አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይፈነዳል። ካርዱ ላይ ጨምሪው።

የዓባይ ማዶ (ጠያቂ)
ጨመርኩት። ለእናቴም ደውዬ ነገርኳት፤ «ስም አለው እንዴ?» አለችኝ።