ጎከር ሚዲያ ይግባኙ ሳይታይ ለምን ከሰረ? ገዢውስ ስሙን ለምን ተወው?

ጥያቄ (አንባቢ)

ሰሞኑን ስለ ግል ሕይወት መከበርና ስለ ፕሬስ ነጻነት የተጻፉ ነገሮችን ሳገላብጥ የጎከር ሚዲያ ጉዳይ ደጋግሞ ገጠመኝ፤ ባነበብኩት ቁጥርም ሁለት ነገሮች አልገባ አሉኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ኒክ ዴንተን ኒው ዮርክ ውስጥ የመሠረተው ይህ ድርጅት ከዋናው ድረ ገጹ ከጎከር ሌላ ጊዝሞዶን፣ ዴድስፒንን፣ ጄዘቤልን፣ ጃሎፕኒክን፣ ኮታኩንና ላይፍሃከርን ያሳትም ነበር። በኦክቶበር 2012 ጎከር፣ በነጻ ትግል (ሬስሊንግ) መድረክ ስሙ ሐልክ ሆጋን እየተባለ የሚታወቀው ቴሪ ቦሊያ ከአንዲት ሴት ጋር ግንኙነት ሲፈጽም ከሚያሳይ ቪዲዮ ቆርጦ የወሰደውን ክፍል ከጽሑፍ ጋር አወጣ። ቦሊያ ሳያውቅ መቀረጹን ገልጾ ከሰሰ፤ ፍሎሪዳ ውስጥ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ጉዳዩን የሰማው ችሎትም በማርች 2016 በድምሩ 140.1 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፈለው ፈረደ።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነው። ድርጅቱ ይግባኝ እንደሚል ወዲያው አስታውቆ ነበር፤ በይግባኝም ሊያሸንፍ ይችላል ብለው የጻፉ የሕግ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። ታዲያ ፍርዱ ከተሰጠ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ የበላይ ፍርድ ቤት ነገሩን ሳያየው፣ ኪሳራ ለማወጅ ምን አስገደደው? ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ሽያጩ ነው። የስፓኒሽ ቋንቋ ሚዲያ ኩባንያው ዩኒቪዥን 135 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ድርጅቱን ሲገዛ የድርጅቱን ስም የተሸከመውንና በጣም የታወቀውን ድረ ገጽ ሳይወስድ ለምን ቀረ? በሥራችሁ ከነገሩ ጋር ቅርበት ያላችሁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ (የሕግ ባለሙያ)

ጥያቄዎ ትክክለኛውን ቦታ ነክቷል፤ ምክንያቱም ጎከርን የጣለው የፍርዱ ገንዘብ ብዛት ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ የተፈለገበት ጊዜም ነውና። ብዙ ሰው ይግባኝ ከተባለ የፍርዱ አፈጻጸም በራሱ የሚቆም ይመስለዋል። በአሜሪካ አሠራር ግን እንዲህ አይደለም። የተፈረደለት ወገን ይግባኙ እስኪወሰን የመጠበቅ ግዴታ የለበትም፤ የባንክ ሒሳብ ማሳገድና ንብረት ማስያዝ ይችላል። ይህን ለማስቆም ተሸናፊው የይግባኝ ዋስትና ማስያዝ አለበት። የፍሎሪዳ ሕግ የዚህን ዋስትና ጣሪያ 50 ሚሊዮን ዶላር ላይ ስላቆመው የ140 ሚሊዮኑ ዕዳ በዚያ መጠን ዋስትና ሊታገድ ይችል ነበር፤ ለአንድ መካከለኛ አሳታሚ ግን 50 ሚሊዮኑም ቢሆን የሚገፋ ሸክም አልነበረም።

ድርጅቱ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ባቀረበው ማመልከቻ ንብረቱ ከ50 እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር፣ ዕዳው ደግሞ ከ100 እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገልጿል። ይህን ሲያነቡ «ንብረቱ ለዋስትናው ይበቃ ነበር» ሊሉ ይችላሉ። ነገር ግን የአሳታሚ ሀብት ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ ስሙ፣ አንባቢው፣ ማስታወቂያ የሚሰጡት ደንበኞቹና ጸሐፊዎቹ ናቸው። ዋስትና የሚሰጥ ኩባንያ ደግሞ በእጅ የሚጨበጥ መያዣ ይፈልጋል፤ 140 ሚሊዮን የተፈረደበትን ድርጅት ስም መያዣ አድርጎ 50 ሚሊዮን የሚዋስ የለም።

ሜይ 25 ቀን ዳኛ ፓሜላ ካምቤል ጉዳዩ እንደገና እንዲሰማ ወይም ካሳው እንዲቀነስ የቀረበውን አቤቱታ ውድቅ ካደረጉ በኋላ የቀረው መንገድ አንድ ነበር። ጁን 10 ቀን 2016 ጎከር ኒው ዮርክ ለሚገኘው የፌዴራል ኪሳራ ፍርድ ቤት በምዕራፍ 11 አመለከተ። ኪሳራ ሲባል በአማርኛችን ሱቁን ዘግቶ መሄድ ይመስላል፤ ይህኛው ግን መልሶ የማደራጀት ሥርዓት ነው። ማመልከቻው በገባበት ቅጽበት በባለዕዳው ላይ የሚደረግ ማንኛውም የማስከፈል እርምጃ በሕግ ይታገዳል፤ ማለትም 50 ሚሊዮን ሊያመጣ ያልቻለው ድርጅት በአንድ ማመልከቻ የመተንፈሻ ጊዜ አገኘ። እግዱ ግን የሚከልለው አመልካቹን ብቻ ነው። ዴንተን በካሳው ከድርጅቱ ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ስለተባለ (ማለትም ሙሉው ካሳ ከእሱ ብቻም ሊጠየቅ ስለሚችል)፣ ከዚህም በላይ 10 ሚሊዮን ዶላር የቅጣት ካሳ በግሉ ስለተጣለበት፣ ኦገስት 1 ቀን እሱም በግሉ ኪሳራ ለማወጅ ተገደደ።

ወደ ሽያጩ ስመጣ፣ ዚፍ ዴቪስ የተባለው ሌላ አሳታሚ ማመልከቻው በገባበት ዕለት 90 ሚሊዮን ዶላር መነሻ ዋጋ ለመስጠት ተስማምቶ ነበር፤ ኦገስት 16 ቀን በተካሄደው ጨረታ ዩኒቪዥን በ135 ሚሊዮን አሸነፈ። በኪሳራ ፍርድ ቤት በኩል የሚሸጥ ንብረት ካለፈው ዕዳና ክስ ጸድቶ ነው ለገዢው የሚተላለፈው። ዕዳው ከሻጩ ጋር ይቀራል፤ ገንዘብ ጠያቂዎችም ንብረቱን ሳይሆን ከሽያጩ የተገኘውን ገንዘብ ይካፈላሉ። ከእንዲህ ዓይነት ድርጅት ለመግዛት ገዢ የሚደፍረውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ስሙን ለምን ተወው ላሉት፣ እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። ካለፈው ኃላፊነት መጽዳት ለነገው ዋስትና አይሆንም። የሚያስከስስ ጽሑፍ በአዲሱ ባለቤት ገጽ ላይ ተነቦ ከቀጠለ «አሁን የምታሳትመው አንተ ነህ» የሚል አዲስ ክርክር ሊነሳ ይችላል። ዩኒቪዥን በሴፕቴምበር ወር፣ ክስ የተመሠረተባቸውን ስድስት ጽሑፎች ከገዛቸው ገጾች ላይ ማንሳቱ ይህ ስጋት የምር እንደነበረ ያሳያል። ጎከር ራሱ ደግሞ ከዚህ ዓይነት ጽሑፍ ጋር ስሙ የተቆራኘ ነበር። ኦገስት 22 ቀን ዴንተን የስንብት ጽሑፉን አወጣና ድረ ገጹ ሥራ አቆመ፤ መዝገቡና ስሙ በኪሳራው ሥር ባለው ንብረት ውስጥ ቀሩ።

መልስ (ሌላ ተሳታፊ)

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ የሕጉን አካሄድ በሚገባ ያሳያል፤ እኔ ግን ውይይቱ ድርጅቱን ብቻ ተበዳይ አድርጎ እንዳይቋጭ እሰጋለሁ። ለፍርዱ መነሻ የሆነው ነገር 1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ የሚሆን፣ የአንድን ሰው መኝታ ቤት ያሳየ ቪዲዮ ነው። ጎከር፣ ቦሊያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስለ ወሲብ ሕይወቱ ራሱ ሲያወራ ኖሯል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ዜና ነው ሲል ተከራከረ። ቦሊያ ጥቁር ሻሽ በራሱ ላይ አስሮ ምስክርነት ሲሰጥ የተናገረው፣ ሐልክ ሆጋን በመድረክ ላይ የሚጫወተው ገጸ ባሕሪ መሆኑን፣ ቴሪ ቦሊያ ግን ቤቱ ሲገባ የራሱ ገመና ያለው ሌላ ሰው መሆኑን ነበር። ይህን መለያየት አንዳንዶች ቀልድ አደረጉት፤ እኔ ግን በሥራው የታወቀ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ መብት አድርጌ ነው የማየው።

አንድ ነገር በተለይ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ጽሑፉን የጻፈው የወቅቱ አዘጋጅ ኤ.ጄ. ዳውሌሪዮ ከችሎቱ በፊት በቪዲዮ በተቀረጸ ቃሉ፣ የታዋቂ ሰው የወሲብ ቪዲዮ ለዜና የማይበቃበት ጊዜ ይኖር እንደሆነ ተጠይቆ ሕፃን ከሆነ አለ፤ ከስንት ዓመት በታች ሲባል ደግሞ አራት አለ። በኋላ በቁም ነገር ያልተናገረው መሆኑን ለማስረዳት ሞክሯል። ነገር ግን ጁሪ ሆነው ፍርዱን የሰጡት ስድስት ተራ ዜጎች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያንን መልስ ከስክሪኑ ሰምተዋል። ቦሊያ የጠየቀው 100 ሚሊዮን ሆኖ ሳለ እነሱ ከቅጣቱ ካሳ በፊት 115 ሚሊዮን መፍረዳቸው፣ 55ቱ ለገንዘብ ጉዳት 60ው ለደረሰበት የመንፈስ ሥቃይ መሆኑ፣ ምን ያህል እንደተቆጡ ይናገራል። በኤፕሪል 2013 ፍርድ ቤቱ ልጥፉ እንዲነሳ ባዘዘ ጊዜም ድርጅቱ ቪዲዮውን አንስቶ ጽሑፉን እንደማያነሳ በገጹ ላይ በይፋ አወጀ። ይግባኝ ሰሚው ያንን ትእዛዝ በኋላ ሽሮታል፤ በመብት ደረጃ ድርጅቱ ትክክል ነበር ማለት ነው። ሆኖም ትክክል መሆንና ነገ በሚፈርዱብህ ሰዎች ፊት በትሕትና መቆም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መልስ (የዜና ክፍል አርታኢ)

በቪዲዮው ጉዳይ ካለፈው ጸሐፊ ጋር እስማማለሁ፤ እኔ አርታኢው ብሆን ኖሮ አላወጣውም ነበር። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ተራ የካሳ ክስ ብዙውን ጊዜ በስምምነት ያልቃል፤ ከሳሽ ወጪው ሲበዛበት፣ ተከሳሽም የመድን ኩባንያው ሲያግዘው፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ። እዚህ ሁለቱም በሮች ተዘጉ። የቦሊያ ጠበቆች ከክሳቸው ውስጥ አንዱን ምክንያት፣ ይኸውም የጎከር መድን ሰጪ ሊከፍልበት ይችል የነበረውን፣ በፈቃዳቸው ተዉት። ገንዘብ የሚፈልግ ከሳሽ ከፋዩን ከጨዋታው የሚያስወጣው ለምንድን ነው ብለን ብዙዎቻችን ግራ ተጋብተን ነበር።

መልሱ በሜይ 2016 ተገኘ። የፔይፓል መሥራቾች አንዱ የሆነው ቢሊየነሩ ፒተር ቲል የክሱን ወጪ በድብቅ ሲሸፍን መቆየቱ በጋዜጦች ተጋለጠ፤ እሱም ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ማውጣቱን አመነ። የጎከር ንብረት የነበረው ቫሊዋግ በ2007 ቲል የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን ያለ ፈቃዱ ጽፎበት ነበር። ቂሙ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ያ ጽሑፍም ሊወጣ የማይገባው ነበር። ግን ከሳሹ ወጪው የማያሳስበውና ገንዘብ ከማግኘት ይልቅ የተከሳሹን መጥፋት የሚመኝ ሰው ከጀርባው ካለ፣ ክሱ ጉዳትን መካሻ መሆኑ ያበቃል። የሌሎችን ከሳሾች ወጪም እንደደገፈ ቲል ራሱ ተናግሯል።

ይህ በእኛ ሥራ ላይ ያሳደረውን ነገር ከራሴ ልንገራችሁ። በአንድ ወቅት በምሠራበት ቦታ፣ በሰነድ የተረጋገጠ አንድ ዘገባ ከጠበቃው ጋር ቁጭ ብለን መስመር በመስመር አነበብነው። ጠበቃው ስህተት አላገኘበትም። በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ጣቱን አስቀምጦ «ይህ እውነት ነው፤ እውነት መሆኑን ለማስረዳት ግን የሁለት ዓመት ደመወዛችሁን ይፈጃል» አለን። አንቀጹን ቆረጥነው፤ በሳምንቱ ዘገባው በሙሉ ቀረ። ማንም አልከሰሰንም፤ አንባቢም የጎደለውን አላወቀም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ሦስተኛ አንቀጽ ነው።

አንባቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ የዋስትናው ነገር ከዚህ በፊት ባነበብኩት ሁሉ ውስጥ አልነበረም። አንድ የቀረኝ አለ። ይግባኙ በመጨረሻ ምን ተወሰነ? የሽያጩ ገንዘብስ ወዴት ሄደ?

መልስ (የሕግ ባለሙያ)

ይግባኙ አልተወሰነም። ኖቬምበር 2 ቀን 2016 ዴንተን ከቦሊያ ጋር መስማማታቸውን አስታወቀ፤ ቦሊያ 31 ሚሊዮን ዶላርና ወደፊት የጎከር ድረ ገጽ ሲሸጥ ከሚገኘው ገንዘብ ድርሻ እንዲያገኝ፣ ይግባኙም እንዲቀር። ኢሜይልን የፈጠርኩት እኔ ነኝ የሚለውና ድርጅቱን በሌላ ጉዳይ የከሰሰው ሺቫ አያዱራይ በዚያው ጊዜ በስምምነት 750,000 ዶላር አግኝቷል። ከ140 ወደ 31 ሚሊዮን የወረደው ቁጥር ሁለቱም ወገን ይግባኙን ምን ያህል ይፈራው እንደነበር ያሳያል ብዬ አምናለሁ፤ ይሁንና የዚያ ቪዲዮ መታተም የንግግርና የፕሬስ ነጻነትን በሚያስከብረው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ይጠበቃል ወይስ አይጠበቅም የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ ፍርድ መልስ ሳያገኝ ቀረ።

ስለ ገጾቹ ለማከል ያህል፣ ዩኒቪዥን በ2019 ግሬት ሂል ፓርትነርስ ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ሸጣቸው፤ ከዚያም አንድ በአንድ ተበታተኑ። በ2016ቱ ጨረታ የተሸነፈው ዚፍ ዴቪስ ላይፍሃከርን በ2023 ገዛው። የጎከር ስምና መዝገብ በ2018 በ1.35 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ በ2021 እንደገና ተከፈተ፤ በ2023 መጀመሪያ ላይም ተዘጋ።

ከዚያ ሽያጭ በፊት የሆነውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቲልም ድረ ገጹን ለመግዛት ፍላጎት አሳይቶ ነበር። የኪሳራው አስተዳዳሪ ደግሞ ቲል ክሱን በገንዘብ የደገፈበትን መንገድ ለመመርመር እንዲፈቀድለት ፍርድ ቤቱን ጠይቆ ነበር። በ2018 የጸደይ ወራት ተስማሙ፤ ቲል ከጨረታው ወጣ፣ አስተዳዳሪውም ምርመራውን ተወ። ስለዚህ ያ 10 ሚሊዮን ዶላር እንዴትና በማን በኩል እንደተከፈለ በዚህ የኪሳራ መዝገብ ላይ ቲል በቃለ መሐላ ሳይጠየቅ ፋይሉ ተዘጋ።