ዊንዶው አስጭኜ የእድሩ ፎልደር አልከፈት አለኝ

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ጎበዝ። የእድራችን መዝገብ ላፕቶፔ ዲ ድራይቭ ላይ ነው። ማሽኑ ሲንቀራፈፍብኝ ሲ ድራይቭን ፎርማት አስደርጌ ዊንዶው በአዲስ አስጫንኩ። ዲን ማንም አልነካውም። አሁን ፎልደሩን ስከፍት «አክሰስ ዲናይድ» (መግባት አይፈቀድልህም) ይለኛል። የተጠቃሚ ስሜም ፓስዎርዴም የድሮው ነው። ፕሮፐርቲስ ገብቼ ሪድ ኦንሊ (ማንበብ ብቻ) ላይ ያለውን ምልክት ባነሳውም ተመልሶ ቁጭ ይላል። እሁድ ዳኛው ሂሳብ ይጠይቁኛል። ምን ይሻላል?

መልስ (ፍኖተ ሰላም)፦
ወንድሜ፣ ሪድ ኦንሊዋን ተዋት። ፎልደር ላይ ስትሆን ምንም አትቆልፍም፤ ዊንዶው ለራሱ ጉዳይ ነው የሚጠቀምባት። ማን ይክፈት፣ ማን ይጻፍ የሚለው ያለው እዚያው ፕሮፐርቲስ ላይ ሴኩሪቲ የሚለው ገጽ ውስጥ ነው። እዚያ የተመዘገበው ደግሞ ስምህ ሳይሆን ዊንዶው ለአካውንትህ የሰጠው ረጅም ቁጥር ነው። አዲስ ዊንዶው ሲጫን አዲስ ቁጥር ወጣልህ። ስምህ ያው ቢሆንም ለፎልደሩ ባዳ ነህ። ሴኩሪቲ ውስጥ በስም ፋንታ የተንዛዛ ቁጥር ካየህ፣ እሱ የድሮው አንተ ነህ።

በአድሚን አካውንት ግባ። ሴኩሪቲ፣ ከዚያ አድቫንስድ። ኦውነር (ባለቤት) ከሚለው ጎን ቼንጅን ተጫንና ስምህን አስገባ። ወዲያው ከስሩ አንዲት ሳጥን ትመጣለች፤ ባለቤትነቱን ወደ ውስጥ ፎልደሮች የምታወርደው እሷ ናት። ምልክት አድርግባት። እኔ አንዴ ዘልያት በሩ ተከፍቶ ጓዳው ተዘግቶብኛል። ከዚያ ለራስህ ፉል ኮንትሮል (ሙሉ ፈቃድ) ስጥ።

መልስ (ቡሬ)፦
ምን ያደክምሃል? ለ«ኤቭሪዋን» (ለሁሉም ተጠቃሚ) ፉል ኮንትሮል ስጥና ተገላገል። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

መልስ (ዳንግላ)፦
ኧረ በሕግ! የሰው ገንዘብ የተጻፈበት መዝገብ እኮ ነው። ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ ሁሉን ነገር 777፣ ማለትም ለማንም ክፍት፣ እያደረጉ እንደሚገላገሉት ማለት ነው። ልጆችህ በዚያ ላፕቶፕ ጌም የሚጫወቱ ከሆነ አስበው።

አንድ ነገር ልጨምር። የፋይሎቹ ስም አረንጓዴ ከሆነ ወይም የቁልፍ ምልክት ካለበት፣ በዊንዶው ተመስጥረዋል ማለት ነው። ያኔ ባለቤትነት መቀየር አይጠቅምም፤ የድሮው አካውንት ቁልፍ ያስፈልጋል።

ጠያቂ፦
ተከፈተ! እድሜ ይስጣችሁ። አረንጓዴ የለም። አሁን ወደ ፍላሽ ልገልብጠው ነው፤ ፈቃዱ አብሮት ይሄዳል?

መልስ (ዳንግላ)፦
አይሄድም። ፍላሽህ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 ወይም ኤክስፋት በሚባለው ዓይነት ከሆነ የፈቃድ መዝገብ የለውም። «ሪድ ኦንሊ» እና «ሂድን» (ድብቅ) የሚሉትን ምልክቶች ይይዛል እንጂ ማን ይክፈት የሚለውን አያውቅም። ያገኘው ሁሉ ይከፍተዋል። ኤክሴሉ ላይ ራሱ ፓስዎርድ አድርግበትና ገልብጥ።