ሦስት ልጆች ላሉት ቤተሰብ የትኛው ይሻላል፦ ሰነድ የሌለው ባለ ሰባት መቀመጫ ወይስ በደንብ የተያዘ የቆየ መኪና?

ጥያቄ

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ለቤተሰባችን ያገለገለ መኪና ስናፈላልግ ቆይተን ምርጫችን በሁለት መኪኖች ላይ ስለወደቀ፣ ውል ከመፈራረማችን በፊት ከእኛ የተሻለ የምታውቁ ሰዎች የምትሉትን መስማት ፈለግን። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቁ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው፣ መካከለኛዋ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ደግሞ ገና በሕፃናት ወንበር ታስሮ የሚጓዝ ነው። እናቴም አልፎ አልፎ አብራን ትጓዛለች።

የመጀመሪያው መኪና ሰባት መቀመጫ ያለው፣ ከተመረተ ሰባት ዓመት የሆነው፣ ቆጣሪው 90 ሺህ ኪሎ ሜትር ግድም የሚያሳይና ሲቪቲ የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ነው። ውጭውም ውስጡም ያማረ ቢሆንም፣ የሚሸጠው ነጋዴ ስለሆነ ቀድሞ ማን እንደነዳውና ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የሚያስረዳ አንድም ወረቀት የለውም። ሁለተኛው ባለ አምስት መቀመጫ ሆኖ ከኋላ ሰፊ የዕቃ ቦታ ያለው፣ 12 ዓመት ያገለገለና 190 ሺህ ኪሎ ሜትር የተነዳ ነው፤ ካምቢዮው የተለመደው ዓይነት አውቶማቲክ ሲሆን ከአንድ ባለቤት እጅ ወጥቶ አያውቅም፤ የጥገናው ደረሰኝም ከመጀመሪያው ጀምሮ በማኅደር ተቀምጧል። ዋጋቸው ይቀራረባል።

ባለቤቴ ወደ ሰባት መቀመጫው ታደላለች፤ እኔ ደግሞ ወረቀት ያለው ልቤን ይስበዋል፣ ነገር ግን 190 ሺህ የሚለው ቁጥር ያስፈራኛል። በእናንተ አመለካከት ለየትኛው ጉዳይ ቅድሚያ መስጠት ይገባናል?

መልስ 1 (መካኒክ)

ያስፈራዎት ቁጥር ከሁለቱ ቁጥሮች ይልቅ የሚታመነው ነው። 190 ሺህው በደረሰኞች የተደገፈ ሲሆን፣ 90 ሺህው ግን ቆጣሪው የሚናገረው ብቻ ነው፤ የዲጂታል ቆጣሪን ንባብ ዝቅ ማድረግ ደግሞ መሣሪያው ላለው ሰው ከባድ ሥራ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን መኪና ሲያዩ ቁጥሩን ትተው የሰው እጅና እግር የሚነካካቸውን ቦታዎች ይመርምሩ። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ፣ የመሪው ቆዳ አብረቅርቆ፣ የሾፌሩ ወንበር በመውረጃው በኩል ተሰባብሮ ካዩ፣ ወይም እነዚህ ሁሉ ሰሞኑን የተቀየሩ የሚመስሉ ከሆነ፣ ያ መኪና ከተባለው በላይ ሠርቷል ብለው ቢጠረጥሩ አይፈረድብዎትም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ካምቢዮው ነው። ሲቪቲ እንደ ሌሎቹ አውቶማቲኮች በጥርሳቸው የሚገናኙ የማርሽ ደረጃዎችን እየቀያየረ የሚሠራ አይደለም፤ ስፋታቸው በሚለዋወጥ ሁለት መዘውሮች መካከል የሚሽከረከር የብረት ቀበቶ ወይም ሰንሰለት ነው ኃይሉን የሚያስተላልፈው። ቀበቶው መዘውሩን ሳይንሸራተት እንዲይዘው የሚያደርጉት የዘይቱ ጥራትና ግፊት ናቸው። ዘይቱ ሲያረጅና ሲሞቅ ቀበቶው መንሸራተት ይጀምራል፤ የተጫረ መዘውር ደግሞ በዘይት ለውጥ አይመለስም፣ አብዛኛውን ጊዜ ካምቢዮውን በሙሉ መቀየር ግድ ይሆናል። ብዙ ባለሙያዎች የሲቪቲ ዘይት ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንዲለወጥ ይመክራሉ። እርስዎ የሚያዩት መኪና በዚሁ ልክ ላይ ያለ ሆኖ ሳለ ዘይቱ ስለመለወጡ ማስረጃ የለም፤ ሰባት ሰው ጭኖ ዳገት መውጣት ደግሞ ይህን ዓይነቱን ካምቢዮ ከምንም በላይ የሚያሞቀው ሥራ ነው።

ሊሞክሩት ከፈለጉ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንዱት፤ ከተቻለ ዳገት ያለበት መንገድ ይምረጡ። በዝቅተኛ ፍጥነት መኪናው የሚርገፈገፍ ከሆነ፣ ወይም ነዳጅ ሲሰጡት የሞተሩ ዙር ከፍ እያለ ፍጥነቱ የማይከተል ከሆነ፣ ወይም ከሞቀ በኋላ እንደ ሲረን የሚያፏጭ ድምፅ ካሰማ ይተዉት። ሲቪቲ በተፈጥሮው ዙሩን በአንድ ቦታ ይዞ ስለሚሄድ ለማያውቀው ሰው ብልሽት ይመስላል፤ መለያው ዙሩ ሳይሆን መንቀጥቀጡና ጉልበት ማጣቱ ነው።

ለሁለቱም መኪኖች፣ ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቅዎት አስቀድመው ያሳስቡት፤ ብዙ ሕመም የሚታየው በቀዝቃዛ አነሣስ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች የሚሰማ የሰንሰለት መንኳኳት፣ ሰማያዊ የሚመታ ጭስ (ዘይት እየነደደ ነው)፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ (የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ አካልና በላይኛው ክዳኑ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ሳይሄድ አልቀረም) ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ምልክቶች ናቸው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ቢያዩ ግን ወዲያው አይደምድሙ፤ አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ በእርጥበት ብቻ ሊፈጠር ይችላል። ከራዲያተሩ ውኃ ላይ ዘይት ሲንሳፈፍ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

በሁለተኛው መኪና ላይ የምጠይቀው ዋና ጥያቄ የሞተሩን ፒስቶኖችና ቫልቮች እንቅስቃሴ የሚያስማማው ሰንሰለት ነው ወይስ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) የሚለው ነው። ቺንጋ ከሆነ አምራቾች ብዙውን ጊዜ ከ90 ሺህ እስከ 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት፣ ወይም ርቀቱ ባይሞላም በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ እንዲለወጥ ያዝዛሉ። በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስቶኖቹ ከቫልቮቹ ጋር ስለሚጋጩ ሞተሩን ማትረፍ ይከብዳል። ስለዚህ ማኅደሩን ከፍተው የቺንጋውን ደረሰኝ፣ አብሮትም የውኃ ፓምፑ ተቀይሮ እንደሆነ ይፈልጉ። ደረሰኞቹ መኖራቸው ብቻ አይበቃም፤ ቀኖቹና ኪሎ ሜትሮቹ ሳይዘሉ ተከታትለው መሄዳቸውን ይዩ።

መልስ 2 (የአራት ልጆች እናት)

ስለ ሞተሩ ከላይ የተጻፈውን በሙሉ እቀበላለሁ፤ እኔ የምጨምረው ስለ መቀመጫዎቹ ነው፤ ምክንያቱም የቤተሰብ መኪና በየዕለቱ የሚያስመሰግነው ወይም የሚያስለቅሰው እዚያ ላይ ነው።

ሰባት መቀመጫ ሲባል ሰባት ሰው ከነሻንጣው ማለት አይደለም። በብዙዎቹ መካከለኛ መጠን ባላቸው መኪኖች ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ከበስተኋላ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት የገበያ ከረጢቶችን ብቻ የሚይዝ ነው፤ የሕፃን ጋሪ ከነጭራሹ አይገባም። እናንተ ስድስት ሆናችሁ የምትጓዙት ደግሞ ዕቃ በምትይዙበት ረጅም ጉዞ ላይ ከሆነ፣ ሦስተኛው ረድፍ የሰጣችሁን መቀመጫ በዕቃ ቦታ ይነጥቃችኋል። ስለዚህ ሁለቱንም መኪኖች ልታዩ ስትሄዱ ጋሪውን፣ የሕፃኑን ወንበርና ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ቢቸኩልም ግድ የላችሁም፤ በሜትር ከመለካት ይልቅ ዕቃውን ራሱን አስገብቶ ማየት አያሳስትም።

ሦስተኛውን ረድፍ ስትመለከቱ የሕፃኑ ወንበር በሁለተኛው ረድፍ ታስሮ ሳለ ወደ ኋላ መግባት ይቻል እንደሆነ ፈትኑ። በብዙ መኪኖች ወደ ኋላ ለመግባት የሁለተኛው ረድፍ ወንበር መታጠፍ ስላለበት፣ የልጅ ወንበር የታሰረበት በኩል መተላለፊያነቱን ያጣል። እናትዎ እዚያ ይቀመጣሉ ብሎ ማሰብም አይገባም፤ ጉልበት ለሚያማቸው ሰው ዝቅ ብሎ ሾልኮ መግባት ሥቃይ ነው። እዚያ የሚቀመጠው ትልቁ ልጅ ነው የሚሆነው፤ እንግዲያው የጎን መጋረጃ ኤርባጉ እስከ ሦስተኛው ረድፍ ይደርስ እንደሆነ፣ ለጭንቅላት የሚሆን መደገፊያም ይኖር እንደሆነ ጠይቁ።

ባለ አምስት መቀመጫው ላይ ፈተናው ሌላ ነው። አይሶፊክስ የሚባሉት የልጅ ወንበር ማሰሪያ የብረት ቀለበቶች በአብዛኞቹ መኪኖች የሚገኙት በግራና በቀኝ ባሉት መቀመጫዎች ላይ ብቻ ነው፤ መካከለኛው ጠባብ ከመሆኑም በላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ይሆናል። የስድስት ዓመቷ ልጅዎ ከፍ ማድረጊያ ወንበር ገና ያስፈልጋታል፤ የመኪናው ቀበቶ አንገቷን ሳይነካ በትከሻዋ መካከል፣ ከታችም ሆዷን ሳይሆን ዳሌዋን ይዞ እንዲያልፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ሁለት የልጅ ወንበሮች በዳር ታስረው አሥር ዓመት የሚሞላው ልጅ በመካከል ሲቀመጥ የቀበቶውን መሰኪያ በእጁ ደርሶ መቆለፍ ካልቻለ፣ በየጉዞው እርስዎ ጎንበስ ብለው ልታስሩለት ነው። ይህንን ለመፈተን መንዳት እንኳ አያስፈልግም፤ ሦስቱን አስቀምጦ በሮቹን መዝጋት ይበቃል።

ደግሞም እናትዎ የሚመጡት አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ፣ ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ሲባል ዓመቱን ሙሉ የሚያስጨንቅ ካምቢዮ መግዛት አይታየኝም። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚመጡ ከሆነ ግን ባለ አምስቱ አይበቃችሁም፤ ያን ጊዜ ይህንንም ያንንም ትታችሁ ሦስተኛ መኪና ብትፈልጉ ይሻላል።

መልስ 3

ዕድሜ ምንም አይደለም ወደሚል አዝማሚያ እንዳንሄድ እሰጋለሁ። 12 ዓመት የኖረ መኪና ምንም ቢያዝ ጎማ ነክ ክፍሎቹ፣ ማለትም የሞተር መቀመጫዎቹ፣ የውኃ ቱቦዎቹና የሾክ ጫፎቹ፣ ይደርቃሉ። ከታች ገብቶ ሻንሲውን በባትሪ ብርሃን ማየትም ግዴታ ነው፤ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ ከሥሩ ዝገት ተደብቆ ይሆናል።

ደኅንነትንም አስቡ። መኪናው ሲንሸራተት ጎማዎቹን ለየብቻ እየያዘ መስመሩን የሚያስጠብቀው የመረጋጊያ ሥርዓት በአውሮፓ ኅብረት ለአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተሠራ መኪና እንደተሸጠበት ገበያ ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል። ቁልፉ ሲከፈት በዳሽቦርዱ ላይ የሚንሸራተት መኪና ምስል ያለው መብራት በርቶ መጥፋቱን ተመልከቱ።

ሌላው ኤርባግ ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ብዙ ኤርባጎች የሚነፉት በአሞኒየም ናይትሬት ሲሆን፣ ይህ ንጥረ ነገር ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሽና ኤርባጉ በሚነፋበት ጊዜ የብረት ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪው ሊወረውር ይችላል። በዚህ ምክንያት የብዙ አምራቾች መኪኖች ኤርባጋቸው እንዲቀየር በዓለም ዙሪያ ተጠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹና በ2010ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ሞዴሎችም ይገኙባቸዋል። የሻንሲ ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ጥሪ ያለበት መሆኑን፣ ካለበትም መቀየሩን አረጋግጡ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል ዝርዝር አልጠበቅሁም። እናቴ የምትመጣው በበዓላትና በዕረፍት ወቅት ነው። ባለ አምስት መቀመጫው ቺንጋ ሳይሆን ሰንሰለት ያለው መሆኑን ባለቤቱ ነግሮኛል፤ የመረጋጊያ ሥርዓቱም አለው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፤ በኮምፒውተር ሲመረመር ምንም የብልሽት ኮድ ካላሳየ ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው?

መልስ 1 (መካኒክ)

አይደለም። የስሕተት ኮድ በደቂቃ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ምርመራውን የሚያደርገው ሰው ከኮዱ ጋር የመኪናው የራስ ፍተሻዎች መጠናቀቃቸውንም እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ ኮድ ሲጠፋ ወይም ባትሪ ሲነቀል እነዚህ ፍተሻዎች እንደ አዲስ ስለሚጀምሩ ለመጠናቀቅ በተለያየ ፍጥነት መነዳት ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ አልተጠናቀቁም ካለ ሰሞኑን ኮዱ ጠፍቷል ወይም ባትሪው ተነቅሏል ማለት ነውና፣ ባለቤቱ ለጥቂት ቀናት ከነዳው በኋላ ተመልሰው ያስመርምሩ።

ሰንሰለት መሆኑ መልካም ነው፤ ሆኖም ዕድሜው ከዘይት ለውጥ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ በደረሰኞቹ መካከል ረጅም ክፍተት ካለ ይጠይቁበት። የካምቢዮ ዘይቱ የተለወጠበትንም ደረሰኝ አብረው ይፈልጉ። ጎማዎቹን ሲያዩ በጎናቸው ካለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ ያገኛሉ፤ 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ጥልቅ ቢሆንም አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ሦስት ልጅ የሚጫንበት አይደለም፤ አራቱን የመለወጫ ወጪ ዋጋ ስትደራደሩ አንሡት። ለምርመራውም ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ፣ መኪናውን በማንሻ ላይ አውጥቶ ከታች የሚያይ ጋራዥ ይምረጡ።