አስቸኳይ፦ መብራት ተመልሶም የናሙና ፍሪዘራችን ሥራ አልጀመረም

ጠያቂዋ (ልደታ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ንጋት ላይ ተመልሷል፤ የሴረም ማስቀመጫ ፍሪዘራችን ግን አልተነሣም። ማሳያው ከዜሮ በታች 41 ዲግሪ ያነባል፣ ቁጥሩም ወደ ዜሮ እየቀረበ ነው፤ ማንቂያውም ያለማቋረጥ ይጮኻል። ውስጡ ያለው የልብ ድካም ካለባቸው ሕሙማን የተወሰደ ሴረም (ከረጋ ደም የሚለይ ፈሳሽ) ሲሆን፣ የአይረን (የብረት ማዕድን) እጥረትን ስለምናጠና ፌሪቲን (አይረን የሚያከማች ፕሮቲን)፣ ትራንስፌሪን ሳቹሬሽን (በደም ውስጥ አይረን የሚያጓጉዘው ፕሮቲን ምን ያህል በአይረን እንደተሞላ የሚያሳይ መቶኛ) እና ሄፕሲዲን (የአይረንን ሥርጭት የሚቆጣጠር ሆርሞን) ሊለካበት የተቀመጠ ነው። ዛሬ ቅዳሜ በመሆኑ የጥገና ባለሙያችን ስልክ አያነሣም። ምን ላድርግ?

ነጭ ጋዋን፦
ከሁሉ በፊት በሩን አይክፈቱት።

ባለ ብዙ ትዕግሥት፦
እንደ ተባለው፣ በሩን አይክፈቱት። ባልደረቦችዎ «እስኪ ልየው» እያሉ ደጋግመው እንዳይከፍቱት ወረቀት ለጥፉበት።

አንጋፋው ሐኪም፦
እህቴ፣ ጥናትሽ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙ ወጣት ሐኪሞች የአይረን እጥረትንና የደም ማነስን አንድ አድርገው ስለሚያዩ ይህን ልበል። ሄሞግሎቢኑ ደኅና የሆነ ሕመምተኛም አይረን ሊያጥረው ይችላል፣ የልብና የአጥንት ጡንቻም ኃይል ለማመንጨት አይረን ይፈልጋል። በፈረንጆች 2009 ይፋ የሆነው ፌር-ኤችኤፍ የተሰኘው ጥናት 459 የልብ ድካም ሕሙማንን አካቶ፣ በደም ሥር የተሰጠ አይረን የሕመም ስሜታቸውን እንደሚያሻሽል ያሳየው የደም ማነስ ባልነበረባቸውም ላይ ነው። በፈረንጆች 2017 የወጣው አይረንአውት የተሰኘው ጥናት ግን በአፍ የሚዋጠው አይረን ለ16 ሳምንታት ተሰጥቶ የሕሙማኑን የመንቀሳቀስ አቅም እንዳላሻሻለ አሳይቷል። ስለዚህ በየፋርማሲው ኪኒን ገዝቶ መዋጥ ብቻ…

ጠያቂዋ (ልደታ)፦
ዶክተር፣ አመሰግናለሁ፤ አሁን ግን 39 ደርሷል።

የፒያሳው ጨዋታ ወዳድ፦
ሥጋ ቤት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ለክትፎ ወረፋ ተይዞ ነበር።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ (ጎማ ቁጠባ)፦
ፍሪዘሩ በስታቢላይዘር በኩል ነው የተሰካው? ይህን አልጻፉልንም። ብዙዎቹ የናሙና ፍሪዘሮች መብራት ሲጠፋ ማሳያውንና ማንቂያውን በውስጥ ባትሪ ያስኬዳሉ፤ በመሆኑም ማሳያው ስለበራ ብቻ ፍሪዘሩ ኤሌክትሪክ ደርሶታል ማለት አይደለም። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ከመጣ ስታቢላይዘሩ ራሱን ይቆርጣል፣ አንዳንዱም በእጅ ካልተነሣ አይመለስም። ከፍሪዘሩ ጀርባ ሄደው ስታቢላይዘር ካለ የጠቋሚ መብራቱን ቀለም ያንብቡልን። ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬትም በሌላ ዕቃ ይሞክሩት።

ጠያቂዋ (ልደታ)፦
አዎ፣ ስታቢላይዘር አለው፤ ቀይ መብራት በርቷል። ሶኬቱ ይሠራል።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ (ጎማ ቁጠባ)፦
እንግዲያው ችግሩ እዚያ ሳይሆን አይቀርም። ፍሪዘሩን ከስታቢላይዘሩ ይንቀሉት፣ ስታቢላይዘሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ብቻውን አብሩት። አረንጓዴው ከበራ ፍሪዘሩን መልሰው ይሰኩት፤ ብዙዎቹ ስታቢላይዘሮች ኮምፕሬሰሩን (የፍሪዘሩን ሞተር) ለመጠበቅ ሲሉ ደቂቃዎች ዘግይተው ስለሚለቁ ወዲያው ባይነሣ አይደንግጡ። ቀይ ሆኖ ከቀረ ግን ቮልቴጁ ሳይለካ ፍሪዘሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይሰኩት፣ በቀጭን ማራዘሚያም እንዳያስቡት።

ጥያቄ አብዢ፦
እኔ ግን መነሻው ላይ አልስማማም። ለፌሪቲንና ለሳቹሬሽን ይህ ሁሉ ድንጋጤ ለምን? ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ ላይ ያለ ሴረም አሁንም እንደ ድንጋይ የጠነከረ በረዶ ነው። ፌሪቲን በተራ ፍሪጅ ውስጥ እንኳ ለቀናት የሚቆይ ፕሮቲን ነው፤ ጉዳቱ የሚበዛው ቀልጦ እንደገና ሲቀዘቅዝ፣ ያውም ደጋግሞ ሲሆን ነው። ሥጋቱ የሄፕሲዲን ነው፤ እርሱ ፕላስቲክ ቱቦ ላይ ስለሚጣበቅም በአያያዝ ልዩነት ውጤቱ ይዛባል።
ከፍሪዘሩም ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአይረን እጥረት ማለት ፌሪቲን ከ100 በታች፣ ወይም ከ100 እስከ 299 ሆኖ ሳቹሬሽኑ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ነው የሚለውን ከአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ እንዳለ ወስዳችሁ ከሆነ፣ ፌሪቲን በማንኛውም ብግነት ወቅት ከፍ እንደሚል አትርሱ። ኢንፌክሽን በሚበዛበትና በሩማቲክ የልብ ሕመም የታመሙ ወጣቶች ተኝተው በሚታከሙበት ዋርድ፣ ሲአርፒ (የብግነት መጠን ጠቋሚ ፕሮቲን) ሳይለካ የፌሪቲን ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። እኔ ብሆን ሳቹሬሽኑን አስቀድሜ አነብ ነበር።

አንጋፋው ሐኪም፦
ስለ ሳቹሬሽን ያሉት ትክክል ነው። ነገር ግን ያ መለኪያ ታላላቆቹ ጥናቶች የተሠሩበት ስለሆነ፣ ጥሎ መውጣት ውጤቱን ከእነርሱ ጋር ለማነጻጸር ያስቸግራል።

ነጭ ጋዋን፦
ክርክሩ ይቆየንና፦ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ያለው ሌላ ላብራቶሪ አነጋግሩ፤ ጥቁር አንበሳ አካባቢ የምታውቁት ካለ ከዚያ ጀምሩ። ማዘዋወር ግድ ከሆነ መደርደሪያውን እንዳለ በደረቅ በረዶ (ድራይ አይስ፣ ማለትም የቀዘቀዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ሣጥን ውስጥ አድርጉ። የሣጥኑ ክዳን ለጋዙ መውጫ ይኑረው፣ በመኪናም ሲጓጓዝ መስኮት ይከፈት፤ ጋዙ ያፍናል። ከሁሉ በላይ ሰዓቱንና ዲግሪውን አሁን ጻፉ። መዝገብ የሌለው ናሙና ቢተርፍም ስለ ጥራቱ የሚመሰክርለት አይኖርም።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ የእኛም ስታቢላይዘር ቀይ ያበራል፣ ፍሪጁ ግን ይሠራል። ይህስ ምን ይሆን?

የኤሌክትሪክ ባለሙያ (ጎማ ቁጠባ)፦
ሞዴሉን ይጻፉልኝ። ጠያቂዋ፣ ኮምፕሬሰሩ ተነሣ?