ፎሜ ገደል አልመስል አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ደባርቄው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የደባርቅ ልጅ ነኝ፣ ኑሮዬ አዲስ አበባ። የስሜንን ገደል በሞዴል እየሠራሁ ነው፣ ለሳሎኔ። ስኬሉ 1፡2000 ነው፤ 1,500 ሜትር የሚወርደው ገደል 75 ሳንቲ ሆኖ ወጣ። ባለቤቴ "ቴሌቪዥኑን የት ልናደርገው ነው?" እያለች ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የያዝኩት የፍሪጅ ማሸጊያ ነጩን ፎም ነው። በከተር ስቆርጠው ለስልሶ የሰርግ ኬክ መሰለ። በእጄ ስሰብረው ፍሬ ፍሬው እየረገፈ ፈንድሻ ሆነ። ይባስ ብዬ ጥቁር ስፕሬይ ነፋሁበት። ዓይኔ እያየ ሟሽሾ ወደ ውስጥ ገባ። የሁለት ቅዳሜ ልፋት! ምን ይሻለኛል?

ጀሶ በእጄ፦
አይዞህ፣ ሁላችንም አንድ ፎም በስፕሬይ በልተናል። ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ነው የሚያቀልጠው። ሁለተኛ አታስጠጋው፤ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም በብሩሽ ቀባው።

ነጩን ፎም ጀሶ በስሱ ለብጠው፣ ፍሬው ይደበቃል። ጀሶው ሳይደርቅ የወጥ ቤት ፎይል ጨምድደህ ጠቅ ጠቅ አድርግበት። በየጠቅታው ግን እጅህን አዙር። አለበለዚያ ያው ቅርጽ እየተደጋገመ የታተመ ሻሽ ይመስላል። ሰማያዊውን ወይም ሮዙን ጠጣር ፎም ካገኘህማ ጀሶም አያስፈልግህም፤ በእጅህ ስበረው፣ ስባሪው ራሱ ድንጋይ ነው።

ቀለሙን ከጥቁር ጀምር፣ የአናጢ ኮላ ቀላቅልበት፣ ያጠነክረዋል። ሲደርቅ በውኃ የቀጠነ ቡናማ አፍስስበት፤ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይ ብሩሹን ግራጫ አስነክተህ በጨርቅ ጥረገው፣ ቀለም የቀረበት እስከማይመስል ድረስ። ከዚያ ጫፍ ጫፉን ብቻ ዳበስ ዳበስ አድርገው። ድንጋይ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው፣ እውነቴን ነው።

ባዛልት፦
ጀሶ በእጄ ያለው ልክ ነው፣ ግን ስኬሉን ረሳው። በ1፡2000 የፎይሉ 5 ሚሊ ጉድጓድ 10 ሜትር ማለት ነው። በጣም ጠቅ ጠቅ ካደረግህ ጨረቃ ይመስልሃል።

ስሜን ዝርግ በዝርግ ላይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ላቫ እየደጋገመ ፈስሶ፣ መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ተደራረበ። ጠንካራው ድርብ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ለስላሳው ይንሸራተትና ሣር ያበቅላል። ስለዚህ ፎሙን አንድ አንድ ሳንቲ አድርገህ ሰንጥቅ፣ ጠርዙን ስበር፣ ከዚያ ደርድር። አንዱን ወጣ፣ አንዱን ገባ አድርገው። በጋለ ሽቦ የምትሰነጥቅ ከሆነ በረንዳ ላይ ይሁን፣ ጭሱ ጥሩ አይደለም።

ደባርቄው፦
እግዜር ይስጥልኝ! እንጀራዋ ገብታኛለች። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ልጄ 4 ሳንቲ የምትሆን የፕላስቲክ ፍየል አላት። "ዋልያ ናት፣ አናቱ ላይ ትቁም" ብላለች። ትሆናለች?

ባዛልት፦
80 ሜትር ዋልያ? እኔ እንኳን ከሥሯ አልሄድም።

ደባርቄው፦
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ፎሙን መደርደሩ ሠራ! ትናንት እናቴ መጥታ አየችውና ጣቷን አንዱ ድርብ ላይ አድርጋ "በዚህ በኩል ነበር ከብት የምናወርድ" አለች። ቦታው እሱ አይደለም፣ ግን ዝም አልኩ።

ዋልያዋ አናቱ ላይ ናት። ለመንኳት፣ ልጄ እምቢ አለች።