ስካይላይን ድራይቭን በሳይክል፦ የት እንደር፣ ምን እንከራይ፣ ምን እንያዝ?

ሰሞኑን ጥያቄው በዝቷል። «ቅዳሜና እሁድ በቡድን ስካይላይንን ልንወጣ ነው፤ የት እንደር? ድንኳን እንግዛ ወይስ እንከራይ?» ክትፎ የሚበላበትን የፎልስ ቸርቹን ስካይላይን አይደለም የሚሉት፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለውን የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የተራራ መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭን ነው። በተደጋጋሚ ስለተጠየቅኩ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መንገዱ ከፍሮንት ሮያል ተነስቶ ሮክፊሽ ጋፕ ላይ ያልቃል። 105 ማይል ነው። ከዲሲ እስከ ፍሮንት ሮያል በአይ-66 አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከፍተኛው ቦታ ስካይላንድ ከሚባለው ማረፊያ አጠገብ 1,122 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ የሸገርን ግማሽ እንኳ አይሞላማ! ችግሩ አየሩ አይደለም፣ ዳገቱ ነው። ከፍሮንት ሮያል በር እስከ ሆግባክ ተራራ፣ 21 ማይል ያህል፣ መሃል መሃል ላይ ትንሽ ቁልቁለት ቢያሳያችሁም ሥራው መውጣት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲደመር ወደ 3,000 ሜትር ትወጣላችሁ። ስለዚህ ከፊት ያለውን ጎበዝ ለመከተል መጀመሪያው ላይ አትፍጠኑ።

አሁን ወደ ማደሪያው። የሚያከራክሩት ሁለት ካምፖች ናቸው (ማይሉ ከፍሮንት ሮያል ጀምሮ ይቆጠራል)፦ ማይል 22 ላይ ያለው ማቲውስ አርም እና ማይል 51 ላይ ያለው ቢግ ሜዶውስ። የእኔ ድምፅ ለቢግ ሜዶውስ ነው። ሻወር አለው፣ ልብስ ማጠቢያ አለው፣ ሱቅ አለው፣ ትኩስ ምግብ የሚሸጥበት ቤትም ቅርብ ነው። ከሁሉም በላይ መንገዱን እኩል ይከፍለዋል፤ ቅዳሜ 51 ማይል፣ እሁድ 54። ማቲውስ አርም ጸጥ ያለና ጥላ ያለው ነው፣ አይካድም። አርብ ማታ ከሥራ ወጥታችሁ ለምትደርሱ ይመቻል። ነገር ግን ሻወር የለውም። ቀኑን ሙሉ ላብ በላብ ሆኖ የዋለ ሰው ጋር አንድ ድንኳን መጋራት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያ ላይ ለእሁድ 83 ማይል ይተርፋችኋል። እዚያ ባታድሩም ግን ሁለት ማይል አለፍ ብሎ ያለው ኤልክዋሎው የሚባል የእረፍት ቦታ ላይ ቁሙ። የብላክቤሪ ሚልክሼኩ ዝነኛ ነው፣ ዝናውም ይገባዋል።

ለሁለት ለሦስት ሰው ከሆነ ማይል 57 ላይ ያለችው ሉዊስ ማውንቴን ትንሽና ደስ የምትል ናት፤ ሻወርም አላት። ለቡድን ግን ትጠባለች። ከሪችመንድና ከሻርለትስቪል በኩል የምትመጡ ደግሞ ከደቡብ ጀምሩና ማይል 79 ላይ ሎፍት ማውንቴን እደሩ።

አንድ መደበኛ ቦታ የሚይዘው ስድስት ሰውና ሁለት ድንኳን ነው። የኛን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ስምንት ነን ተብሎ አሥራ አራት ሆኖ መምጣት ልማድ ነው። እዚያ አይሠራም። ብዙ ከሆናችሁ የቡድን ቦታ ከወራት በፊት ሬክሪየሽን ዶት ጋቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ያዙ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጸጥታ ግዴታ ነው፤ ጨዋታም ሙዚቃም ከዚያ በፊት ይለቅ። የምግብ ዕቃ ደግሞ ውጭ ወይም ድንኳን ውስጥ አይደርም። መኪና ውስጥ ወይም እዚያ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ። ድብ አለ፤ የቅቤ ሽታ ደግሞ ሩቅ ይጣራል።

ድንኳንን በተመለከተ «ተከራዩ» የሚለውና «ግዙ» የሚለው ሁለቱም ትክክል ነው፤ እንደ ዕቃው ይለያያል። አርኢአይ የሚባለው የካምፕ ዕቃ መደብር ድንኳንም፣ የመኝታ ከረጢትም፣ ምንጣፍም ያከራያል፤ ለአባላት ዋጋው ይቀንሳል። እኔ የምመክረው ድንኳኑን ከዋልማርት በርካሽ ገዝታችሁ ከረጢቱንና ምንጣፉን ጥሩውን መከራየት ነው። እላይ ሌሊቱ በሜይ ወር እንኳ ይበርዳል፤ ዕንቅልፍ ያላገኘ እግር እሁድ ዳገት አይወጣም። ርካሽ ድንኳን ስትገዙ አንድ ነገር ብቻ እዩ። የዝናብ መከላከያው እንደ ባርኔጣ አናቱን ብቻ የሚሸፍን ከሆነ ተዉት። እስከ መሬት ወርዶ በካስማ የሚወጠረውን ውሰዱ። ቢግ ሜዶውስ ላይ ነፋስና ጉም ስለሚበዛ ዝናቡ ከላይ ብቻ አይመጣም፣ ከጎንም ይገባል።

ሳይክሉን አስፈትሹ። ፓርኩ ውስጥ አንድም የሳይክል ሱቅ የለም፤ ስልክም በብዙ ቦታ አይሠራም። ማርሹ ከኋላ 32 ወይም 34 ጥርስ ያለው ቢሆን ጉልበታችሁ ያመሰግናችኋል። ፍሬኑ ግን ከማርሹ ይበልጣል። አንዴ አንድ ሱቅ «ሁሉንም አይተነዋል» ብሎ ሳይክሌን መለሰልኝ። እቤት ገልብጬ ሳየው የፊቱ የፍሬን ጎማ አልቆ ብረቱ ሊነካ ደርሷል። ስለዚህ «አይተነዋል» ሲሏችሁ «እስቲ አሳዩኝ» በሉ። ለየሰው ሁለት ካላማዳሪ፣ ለቡድኑ ሁለት ፖምፓና አንድ የካቴና መፍቻ ይበቃል።

መብራት ላይ ቁጠባ የለም። ማይል 32 ላይ ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ አለ፤ ወደ 200 ሜትር ይረዝማል። ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት ግዴታ ነው። ከጠራራ ፀሐይ በአንዴ ጨለማ ውስጥ ስለሚገባ ከመግባታችሁ በፊት ጥቁር መነጽራችሁን አውልቁ። ከኋላችሁ ያለው ሹፌርም እንደናንተው ለጊዜው አያይም። ጎን ለጎን እያወሩ መንዳትም ክልክል ነው፤ በአንድ መስመር ተከታተሉ።

ስንቅ ላይ ግን ክርክር አልቀበልም። እነዚያ በአንድ ጉርሻ የሚያልቁ ጣፋጭ ጄሎች ውድ ናቸው፣ ከአራተኛው በኋላ ሆድ ይረብሻሉ። ከሀበሻ ሱቅ በሶ ግዙ። ጠዋት በማርና በትንሽ ጨው በጥብጣችሁ አንዱን ኮዳ ሙሉት። ሌላውን ኮዳ ውኃ ብቻ አድርጉት። ቀጠን ይበል፤ ከወፈረ ኮዳው አፍ ላይ ይረጋና እየጨመቃችሁ ስትታገሉ ዳገቱ ያልቃል። ጭኮ ለማታ ነው እንጂ ለመንገድ ይከብዳል። ቆሎ ዳገት ላይ አይታኘክም፣ ትንፋሽ ይቀማል፤ ለእረፍት አስቀምጡት። ቡናውን በቡታጋዝ አፍሉ። እንጨት ማንደድ ካማራችሁ ከቤት አታምጡ፤ በሙቀት የታከመና ማረጋገጫ ያለው ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ የካምፑ ሱቅ ይሸጣል።

አጃቢ መኪና ያስፈልጋል። የመኪና አከራዩ የዩሆል ቫን የቀን ዋጋው ርካሽ ይመስላል፤ ግን በማይል ያስከፍላል። ከዲሲ ወጥቶ መንገዱን አጅቦ ከሮክፊሽ ጋፕ መመለስ 300 ማይል ገደማ ነው፤ አስሉት። ከኋላ ሰው መጫንም አይቻልም። ከመካከላችሁ ሚኒቫንና የሳይክል መስቀያ ያለው ካለ ነዳጁን ሙሉለት፣ ምሳውን ጋብዙት፣ በጣም ይረክሳል። መግቢያው ለመኪና 30 ዶላር፣ በሳይክል ለሚገባ ሰው 15 ነው፤ ለሰባት ቀን ይሠራል።

ጊዜውን በተመለከተ ኦክቶበርን አልመክርም። ቅጠሉ ያምራል፣ ግን መኪናው ለጉድ ነው፤ ሹፌሩም ዓይኑ ቅጠሉ ላይ ነው። ሜይ ይሻላል። ብዙ ጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል የጾም ጣጣም የለበትም።

ከቡድናችሁ ጀማሪ ካለ ስካይላይንን ለሌላ ጊዜ ተዉለት። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ የሚሄደው ሲ ኤንድ ኦ ካናል የሚባለው የቦይ ዳር መንገድ በ184 ማይል ውስጥ የሚወጣው 185 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አስፋልት አይደለም፣ ወፈር ያለ ጎማ ይፈልጋል፣ ዝናብ ከዘነበ ይጨቀያል። በየጥቂት ማይሉ ግን ለእግረኛና ለሳይክለኛ የተዘጋጀ ማደሪያ አለ፤ መጸዳጃና ጠረጴዛ አለው፣ ክፍያ የለውም።